ወፍራም ፖስታ

ባለፈው ሳምንት ካፒቶል ሂል አንድ ካፌ ውስጥ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጬ ነበር። ሲያትል ውስጥ ዝናብ እስኪያባራ መጠበቅ የሞኝ ሥራ እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ግን ጃኬቴን ረስቼ ወጥቼ ነበር። ከጎኔ ላፕቶፗ ላይ ያቀረቀረች አንዲት ወጣት ብርቱካን ልጣ በላችና ልጣጩን ግድግዳው ሥር ባለው ማሞቂያ ላይ ደረደረችው። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ። መጀመሪያ ጣፈጥ ያለ፣ ቀጥሎ መረር የሚል፣ በኋላ ደግሞ ወረቀት ሊቃጠል ሲል የሚሸተውን የሚመስል። ሻዬን እንኳ አልጨረስኩም። ዝናቡ ውስጥ ወጣሁና ባቡር ይዤ ማውንት ቤከር ወረድኩ።

የድሮው ሕንጻችን የለም። አፍርሰውት በቦታው መስታወት በመስታወት የሆነ ረጅም ነገር አቁመዋል። ደጁ ላይ ቆሜ የፖስታ ሣጥኖቹ የነበሩበትን ቦታ በግምት ፈለግሁ። የኛ ሣጥን ከላይ ሁለተኛው፣ የሚስ ኤልቪራ ደግሞ ከሥሩ ነበር። ጥበቃው ወጥቶ ምን ልርዳሽ አለኝ፤ ምንም አልኩት።

ሚስ ኤልቪራ ደራሲ ነበሩ። ይህን በወረቀት ላይ የሚያሰፍርላቸው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስማቸውን በየመጻሕፍት መደብሩ ፈልጌዋለሁ፣ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ፈልጌዋለሁ፤ የለም። በዚህ አለመኖር ውስጥ የኔም እጅ አለበት። ምን ያህል እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ለክቼ አልጨረስኩም።

በዚያ ዓመት አሥር ዓመቴ ነበር። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ባቡሩም ሥራ የጀመረው ያኔ ነው። አባቴ ሲታክ አየር ማረፊያው አጠገብ ፓርኪንግ ይሠራል፣ እናቴ እዚያው ሰፈር ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ሁለቱም ከሰዓት ገቢ ናቸው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ እስከ ማታ አንድ ሰዓት የምውልበት ቤት ያስፈልግ ነበር። እናቴ ጠባቂ የመረጠችበት መንገድ አሁንም ያስቀኛል። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት አሮጊት ኮሪደሩን ሲጠርጉ የኛንም ደጃፍ አብረው ሲጠርጉ አየቻቸው። የኔን ደጅ ሳይጠየቅ የሚጠርግ ሰው ልጄን አይጎዳም አለችና በዚያው በራቸውን አንኳኳች። እንግሊዝኛዋ አጭር ስለነበር ሁሉን ነገር በእጇ አስረዳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ኤልቪራ ብላ ትጠራቸው ጀመር፤ እሳቸውም እትዬ የሚለውን የስማቸው ክፍል አድርገው ተቀበሉት።

አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ሽበታቸውን ባንድ ጉንጉን ወደ ኋላ የለቀቁ ሴት ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው ውስጥ ቴሌቪዥን የለም። አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ አንድ ከባድ የጽሕፈት መኪና፣ ብዙ የጫማ ካርቶን፣ ማሞቂያው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የብርቱካን ልጣጭ። ስሜን ሶስና ብላቸው፣ አያቴም ሱሳና ነበር የምትባለው አሉና በዚያው ሱሳና አደረጉኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ውስጥ ከመምህሯ በቀር ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም። ምሳዬን የምበላው መስኮት አጠገብ ለብቻዬ ነበር። ቤት ስገባም እናትና አባቴ የሉም። ብቸኝነት የሚባለውን ነገር ስሙን ሳላውቀው በደንብ አውቀው ነበር፤ ሆዴ አካባቢ እንደ ረሃብ ያለ፣ ግን በምግብ የማይለቅ።

የቤቱ ሕግ አንድ ብቻ ነው። እሳቸው ሲጽፉ አይወራም። እኔ የቤት ሥራዬን ይዤ ባንዱ ጫፍ፣ እሳቸው መኪናቸውን ይዘው በሌላው ጫፍ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። መኪናው ይንቋቋል፣ ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ ልጣጩ ይሸታል። ሁለት ብቸኛ ሰዎች ባንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ብቸኝነቱ ይቀንሳል ብዬ አስብ ነበር። አይቀንስም፤ ግን አያስፈራም።

ሥራዬ ፖስታ ማምጣት ነበር። የሁለቱንም ቤት ቁልፍ በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱን ሣጥኖች እከፍታለሁ። የሚስ ኤልቪራን ሣጥን ስከፍት አንድ ነገር ታዘብኩ። የሚመጡላቸው ትልልቅ ፖስታዎች ላይ ያለው አድራሻ የተጻፈው በራሳቸው እጅ ነው። ያንን ወደ ግራ ያዘነበለ ጽሑፋቸውን ከየትም እለየዋለሁ። ነገሩን ሳስበው ውዬ አድሬ ገባኝ። ሚስ ኤልቪራ የሚጽፍላቸው ሰው ስለሌለ ለራሳቸው ደብዳቤ ይልካሉ።

ለእናቴ ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠችና፣ ዘመድ የላትም ማለት ነው፣ አይ የሰው አገር አለች። በማግስቱ በእርጎ እቃ ምስር ወጥ ሞልታ ላከችላቸው። እኔም ማዘኔን በራሴ መንገድ ገለጽኩ። ፖስታ በመጣ ቁጥር ደረጃውን እየሮጥኩ እወጣለሁ። እሳቸው የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ ከውስጥ ሆነው አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

"ወፍራም ነው ቀጭን?"

"ወፍራም!" እላለሁ፣ ከልቤ እየፈነደቅሁ።

በኛ ቤት ወፍራም ፖስታ ማለት የምሥራች ነው። ወደዚህ አገር ያመጣን ወፍራም ፖስታ ነበር። ዘመዶቻችን ሁሉ ስለ ቪዛ ሲያወሩ ወፍራም መጣለት፣ ቀጭን መጣላት ይባላል፤ ቀጭን የመጣላት ታለቅሳለች። ስለዚህ ያን መስከረምና ጥቅምት ለሚስ ኤልቪራ ደስታ ተሸክሜ የምወጣ መስሎኝ ነበር። ከበሩ ወዲያ ወንበራቸው ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ከዚያ በሩ ይከፈታል። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አላሰብኩም።

ኅዳር ላይ ባንድ ሳምንት ሦስት ወፍራም ፖስታ መጣ። ሦስተኛውን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ስገባ ሚስ ኤልቪራ ሳቁ። የሳቃቸው ዓይነት አላማረኝም። አስቀመጡኝና አስረዱኝ። ታሪክ ጽፈው ወደ መጽሔት ይልካሉ። መጽሔቱ ካልፈለገው መልሶ የሚልክበትን ባዶ ፖስታ፣ ቴምብር ለጥፈው፣ የራሳቸውን አድራሻ ጽፈውበት አብረው ይልካሉ። ደንቡ ነው። ወፍራም ከሆነ ታሪኩ ራሱ ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው። ቀጭን ከሆነ አስቀርተውታል። ሠላሳ ዓመት ሲልኩ ቀጭን መጥቶላቸው አያውቅም።

እንዴት እንዳፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ እየሮጥኩ፣ እየፈነደቅሁ ያመጣሁላቸው መርዶ ነበር። ማልቀስ ስጀምር ብርቱካን ልጠው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከዚያ በኋላ ከሚመለሱት ታሪኮች ጋር የሚመጡትን ትንንሽ ደብዳቤዎች አሳዩኝ። አንድ የጫማ ካርቶን ሞልተዋል። ንባብ እወድ ስለነበር ከቤት ሥራዬ በኋላ አንድ አንድ እያነሳሁ አነብ ጀመር። አንዱ አዘጋጅ እንግሊዝኛዎ ያስገርማል ይላል። ሚስ ኤልቪራ ከእንግሊዝኛ ሌላ አጥርተው የሚናገሩት ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ስፓኒሻቸውን የሰንበት ስፓኒሽ ነው ይሉት ነበር። ሌላው በዚህ ዓመት አንድ የሜክሲኮ ታሪክ ስላወጣን ለጊዜው ቦታ የለንም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ አጻጻፉ የተዋጣለት ነው፣ ግን ስለ ፒያኖ ቃኚ ከመጻፍ ከራስዎ ማኅበረሰብ የሆነ ነገር ቢልኩልን ይላል።

"ከራሴ ማኅበረሰብ፤ ፒያኖ ቃኚው የአጎቴ ልጅ ነው" አሉ ሚስ ኤልቪራ።

ከሜክሲኮ መቼ ነው የመጡት ብዬ የጠየቅኋቸው ያን ቀን ነው፤ እኔም ከአዘጋጆቹ አልሻልኩም። አልተቆጡም። የተወለዱት ያኪማ ነው፣ ከሲያትል የሦስት ሰዓት መንገድ። አባታቸው እዚያ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ሜክሲኮን ያዩት አንድ ጊዜ ነው፣ ለሠርግ። ቺካና ነኝ አሉኝ። ዘራችን ከዚያ ነው፣ የተወለድነውና ያደግነው እዚህ ነው፤ ሰው ሁሉ የፈለገውን ስም ሲሰጠን ጊዜ ይህን ለራሳችን አወጣን። አውቶቡስ ስነዳ ቺካና ሆኜ ማንም አልከለከለኝም፤ ስጽፍ ግን ሁሉም ቦታዬን ያሳየኛል አሉ።

የፒያኖ ቃኚውን ታሪክ አንብበውልኛል። ሬይ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ሰው በየቤቱ እየዞረ ፒያኖ ይቃኛል። አንዲት ሴት በየወሩ ትጠራዋለች፤ ፒያኖዋን የሚጫወትበት ግን የለም። እሱ ይህን ያውቃል። እያወቀም በሄደ ቁጥር አንዷን ክር ትንሽ ላላ አድርጎ ይተዋታል፣ እንደገና እንድትጠራው። ታሪኩ ይኸው ነው።  አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሰው ስለኔ የጻፈ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ አባቴን ላስተዋውቅ። አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። እዚህ ሥራ ሲያፈላልግ የሚረዳው አንድ ሰው መምህርነትህን ከፎርሙ ላይ አውጣው፣ አለበለዚያ ፓርኪንግ አይቀጥሩህም አለው። ፎርሞቹን የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ የቤታችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። መምህር የሚለውን ያጠፋሁት እኔ በእጄ ነው፣ አባቴ አጠገቤ ቆሞ። ብዙ ጊዜ የምፈርምለትም እኔው ነበርኩ። ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ "ሰውየው የሚፈልገውን ፊል አድርጊለት፣ ሌላው የራሳችን ጉዳይ ነው።" ሠርቶልናል። ቅጽ ተመልሶብን አያውቅም።

ስለዚህ የሚስ ኤልቪራ ችግር ምን እንደሆነ ለኔ ግልጽ ነበር። ቅጹን በትክክል አልሞሉትም። ሰዎቹ የሚፈልጉትን በየደብዳቤው ይነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን አይሰጧቸውም። ግትርነት መሰለኝ።

ጥር ላይ ሚስ ኤልቪራን ጉንፋን ጣላቸው። የሬይን ታሪክ ለአንድ ትልቅ መጽሔት ሊልኩት አዘጋጅተው ነበር። ታሪኩ፣ የመመለሻው ፖስታና ከፊት የምትደረገው አጭር ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አሽጌ መንገዱ ጥግ ካለው ሣጥን እንድጨምረው ነግረውኝ ሶፋቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ደብዳቤዋን አነበብኳት። በሁለት መስመር ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ ሲያትል እኖራለሁ ትላለች። እንዲህ ያለ ቅጽ ተመልሶ የማይመጣው ለምንድነው አልኩ በልቤ።

ሶፋው ያለበትን ክፍል በር ዘግቼ የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጥኩ። ምን እንደምጽፍ አውቃለሁ፤ በረሃ ነው የሚፈልጉት። በረሃ ደግሞ ነበረኝ። ጌታቸው የሚባል የአባቴ የሥራ ባልደረባ ቤት እስኪያገኝ ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ሳምንት ከርሞ ነበር። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ የገባ ሰው ነው። አንድ እሑድ ለአባቴ ሲያወራ፣ እኔ መጽሐፍ ያነበብኩ መስዬ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ስሜ ኤልቪራ ነው። የተወለድኩት ሜክሲኮ ነው። በስድስት ዓመቴ ከእናቴ ጋር በረሃ አቋረጥኩ። ውሃው በጀሪካን ነበር። አሻጋሪዎቹ ብዙ እንዳንጠጣ ቤንዚን ጨምረውበታል። እስከ ዛሬ ውሃ ስጠጣ ቤንዚን ይሸተኛል። ከዚያ አፕል ለቀምኩ። ከዚያ ይህን ታሪክ ጻፍኩ። ፊርማቸውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እሱንም ፈረምኩላቸው። እውነተኛዋን ደብዳቤ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ዝናብ ውስጥ ወጥቼ ፖስታውን ሣጥኑ ውስጥ ስጥለው የተሰማኝ ኩራት ነበር፤ ያንን መደበቅ አልችልም።

መጋቢት ሲገባ የሚስ ኤልቪራ እጅ ጽሑፍ የሌለበት አንድ ቀጭን ፖስታ ሣጥናቸው ውስጥ አገኘሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

"ወፍራም ነው ቀጭን?"

"ቀጭን" አልኩ። ሁለተኛም ደገምኩት።

ወንበሩ አልተንቋቋም።  በሩ ሲከፈት ሚስ ኤልቪራ ጉንጉናቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር፣ እንደ ልጅ። ደብዳቤውን በቢላ ከፈቱት፣ ቆመው አነበቡት፣ ተቀምጠው ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

መጽሔቱ ታሪኩን ተቀብሎታል። አንድ ቃል አንነካም ይላል። ግን በይበልጥ የነካን የሕይወት ታሪክዎ ነው ይላል፤ በተለይ ያ ቤንዚን የሚሸተው ውሃ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ያላለፈበት ሰው ሊጽፈው አይችልም። ስለዚህ ይህን ዘርዘር አድርገው ቢጽፉልንና ከፒያኖው ታሪክ ፊት ብናወጣው ይላል።

አልጮሁም። ወንበር ሳቡልኝ።

"ቤንዚኑን ከየት አመጣሽው?"

ከጌታቸው አልኩ። ጌታቸው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ የትኛውን በረሃ እንዳቋረጠ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብዳቤያቸውንም ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ጥጉ ተበጫጭቋል። ውሃው የሱ ነው አሉ።  ከዚያ ወዲያ ያን ቀን እስከ ማታ አንድ ሰዓት አላናገሩኝም፤ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

እቤት ገብቼ ለእናትና ለአባቴ ተናዘዝኩ። የአባቴ የመጀመሪያ መልስ፣ "ሶ ምን አጠፋች? አክሴፕት አደረጉላት አይደል?" የሚል ነበር። እናቴ ግን ምግቡን ትታ ተነሳች። የሰውን ሕይወት ነው የሰረቀችው፣ የጌታቸውንም የእትዬንም አለች፤ ነገ ይዘሃት ሄደህ ጉልበት ታስስማታለህ ብላ ቆረጠች። በማግስቱ ቅዳሜ አባቴ ሲያስተምር ይለብሰው የነበረውን ኮት ለበሰ። እዚህ ከመጣን ለብሶት አያውቅም።

ሚስ ኤልቪራ በሩን ሲከፍቱ እንደተነገረኝ አጎንብሼ ጉልበታቸውን ልስም ስል የወደቅሁ መስሏቸው ደንግጠው ብብቴን ይዘው አነሱኝ። እኔ ልወርድ፣ እሳቸው ሊያነሱኝ ትንሽ ታገልን። አባቴ ይቅርታ መጠየቃችን ነው ብሎ ሲያስረዳቸው ለቀቁኝ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ። ቀሚሳቸውም ብርቱካን ይሸት ነበር።

አባቴ በእንግሊዝኛው ያፍራል፤ ያን ቀን ግን ብዙ ተናገረ። መምህር እንደነበረ፣ ከፎርሙ ላይ እንዳስወጣው፣ እኔም ይህን የተማርኩት ከሱ መሆኑን ነገራቸው። ጥፋቱ የኔ ነው አላቸው። ሚስ ኤልቪራ እጃቸውን አጣምረው ሰሙትና እንዲህ ብለው ጠየቁት።

"ከዚያ በኋላ መልሰው አገኙት?"

"ምኑን?"

"ያወጡትን።"

አባቴ ኮቱን ቁልቁል አየው።  እንዲያ አርጅቶ ያየሁት ያኔ ነው።

የመጽሔቱ ደብዳቤ ማሞቂያው ላይ ከልጣጩ አጠገብ አራት ቀን ተቀመጠ። ሚስ ኤልቪራ አይጽፉም፤ መኪናው ዝም ብሏል። አንዴ እያነሱ ያዩታል፣ አንዴ ይተዉታል። በአራተኛው ቀን ከራሳቸው ጋር በሚመስል ንግግር፣ "አንድ ቃል ሳይነኩ ሊያትሙት ነው፣ ሱሳና። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ይህን ነው" አሉኝ። ዝም ብለው ቢቀበሉት ምን አለበት፣ ማን ያውቃል ልላቸው ነበር። ያባቴ ኮት ፊቴ ድቅን አለብኝና ተውኩት።

በማግስቱ መጽሔቱ ጋ ደወሉ። ተቀመጪና ስሚ አሉኝ። የሚሰማኝ የእሳቸው ወገን ብቻ ነው። ደብዳቤው ላይ ስህተት አለ፣ ስህተቱ የኔ ነው አሉ። ስሜን አላነሱም። አይ፣ ያኪማ ነው። አይ፣ ምንም አላቋረጥኩም። አባቴ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ውሃው የሌላ ሰው ነው፣ ላወራው የኔ አይደለም። ከዚያ ወዲያኛው ሰው ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ሚስ ኤልቪራ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ "ፒያኖው እውነት ነው" አሉ። ስልኩን ሲያስቀምጡ እንደሚመካከሩበት ነግረውኛል አሉ። እኔ ደስ አለኝ፤ መመካከር ማለት ተስፋ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሣጥኑን ስከፍት ያ ወደ ግራ ያዘነበለ ጽሑፍ ተመለከተኝ። ፖስታው ከባድ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጣል እችላለሁ፤ ቆሻሻ መጣያው እዚያው አጠገቤ ነው። ከጣልኩት ሚስ ኤልቪራ ቢያንስ ሲጠብቁ ይኖራሉ። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ግን አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዳቸው ስለሳቸው ወስኛለሁ። ቀስ ብዬ ወጣሁ። የዚያን ቀን አልሮጥኩም፤ ስለዚህ መጠየቅም አላስፈለጋቸውም። ጠየቁኝ ግን።

"ወፍራም" አልኳቸው።

ፖስታው ውስጥ ሬይ አለ፣ አንድ ቃል ሳይነካ። የኔ ደብዳቤም አለ፤ ቤንዚኑ ሥር አንድ ሰው በእርሳስ አስምሮበታል። መልስ የሚባል ነገር የለውም። ሚስ ኤልቪራ የኔን ደብዳቤ አጥፈው ሰጡኝና ለጌታቸው ስጪው፣ የሱ ነው አሉ። ሰጠሁት። ጌታቸው አንብቦ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ስለዚያም ነገር ሁለተኛ አውርተን አናውቅም።

ከዚያ ሚስ ኤልቪራ ወረቀት አስገቡና ጻፊ አሉኝ። ጉንፋኑ ከለቀቃቸው ወዲህ ጣቶቻቸው አልታዘዝ ብለዋቸዋል። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ። ስሜ ኤልቪራ ነው። የተወለድኩት ያኪማ ነው። አውቶቡስ እነዳ ነበር። ይህ ታሪክ ስለ አንድ ፒያኖ ቃኚ ነው። ሌላ አልጨመሩም። የመመለሻውንም ፖስታ አድራሻ እኔው ጻፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር የምፈልገው የራሴን እጅ ጽሑፍ ሆነ። ሰኔ እስኪገባ ሁለት ጊዜ ተመልሶ አገኘሁት። የራስን ጽሑፍ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት እንዴት እንደሚከብድ ያን ጊዜ አወቅሁ። ሠላሳ ዓመት ይህን ተሸክመዋል።

ሰኔ ላይ ለሥራቸው እንዲቀርባቸው እናትና አባቴ ሲታክ አፓርታማ አገኙ። የወጣን ቀን አባቴ ዕቃውን መኪና ላይ ሲጭን የመጨረሻው ፖስታ ገና አልተመለሰም ነበር። ከተላከ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፤ እንዲህ ቆይቶ አያውቅም። ሁለቱንም ሣጥኖች ለመጨረሻ ጊዜ ከፈትኩ። የኛ ውስጥ ማስታወቂያ ነበር። የእሳቸውን ሣጥን እጄን እስከ መጨረሻው ሰድጄ ዳሰስኩት፤ ባዶ ነው።

ቁልፋቸውን ልመልስ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ የጽሕፈት መኪናው ቀስ እያለ ይንቋቋል። ሽታው ኮሪደሩ ድረስ ወጥቷል። ኮቴዬን ሰምተው መተየባቸውን አቆሙ።

"ወፍራም ነው ቀጭን?" አሉ ከውስጥ።

"ገና ነው" አልኳቸው።